ከመስታወቱ ወዲህ

ባለፈው ሳምንት ስንለያይ ልጅቷን አዲሱ መስኮት ሥር እንደተቀመጠች ነበር የተውናት። ዛሬም እዚያው ናት። ታሪኩን ዛሬ ለሚጀምር አንባቢ ላስተዋውቃት፤ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ባሏንም ትወዳለች። «ታዲያ ጣጣው ከየት ይመጣል?» የሚል ካለ፣ እሱ አግብቶ አያውቅም።

ባሏ መስታወት ገጣሚ ነው። ሚሊ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ የቆረጠው መስታወት ከፍሬሙ በአንዲት ሚሊሜትር ከሳተ፣ ደንበኛው «ግድ የለም፣ ማን ያየዋል» ቢለው እንኳ ነቅሎ እንደገና ይቆርጣል። «እኔ አየዋለሁ» ይላል፣ አለቀ። ከልጅቷ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ሥራ ነው። እሷ የምትሠራበት ፎቅ ላይ ከውጭ ተንጠልጥሎ መስታወት ሲገጥም፣ እሷ ከውስጥ ከሒሳቧ ላይ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። በሳምንት የሚያልቀው ሥራ ወር ፈጀ። ሚሊ በዕድሜው ሆን ብሎ ልክ የሳተው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሒሳብ ሲሳሳት ስለምትቆጣው «ሹሜ» ብሎ ይጠራት ጀመር፤ እሷም እንደ መቆጣት ብላ ስሙን ወደደችው።

ያልወደደችው እናቷ ነበረች። እናትየዋ ፋርማሲስት ናት፣ መንገዱ ዳር ከፎቅ ቤቷ ሥር የራሷ መድኃኒት ቤት አላት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህችን አንድ ልጇን ብቻዋን አሳድጋለች። ሚሊ ልጅቷን ለጋብቻ ሊጠይቅ በሄደበት ቀን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና «ልጄን ያስተማርኳት መሰላል ሥር ቆማ ባሏ እስኪወርድ እንድትጠብቅ ነው?» አለች። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብላም ጨመረችበት። ሚሊ ደሙ ፈላ። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ከእርስዎ ቤት መርፌ እንኳ ቤቴ አይገባም!» ብሎ ወጣ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ እንደ አጥር መሃላቸው ቆመ፤ ልጅቷም በፍቅር አገባች፣ በናፍቆት ከእናቷ ተለየች።

የሚኖሩት አንዲት አሮጊት አከራይ ግቢ ውስጥ ከኋላ በኩል ባለ ጨለም ያለ ክፍል ነው። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ቢሮ፣ ማታ ደግሞ እዚያች ክፍል። እርግዝናው ገፋ ሲል ወገቧንና እግሯን ይቆረጥማት፣ ደረጃ መውጣት ያታክታት ጀመር። ክትትል በምታደርግበት ክሊኒክ ደሟ ተለካና አዋላጅ ነርሷ ሁለቱንም አስቀምጣ «ቫይታሚን ዲ በጣም አንሶሻል» አለቻት። «ሰውነታችን ይሄን ቫይታሚን በብዛት የሚሠራው ከፀሐይ ነው፤ ስለዚህ...»

ሚሊ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የተባለውን የሰማ እንዳይመስላችሁ። ለወራት ሚስቱ ስትታመም እጁን አጣጥፎ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ ያቃተው ሰው፣ በመጨረሻ በገዛ እጁ ሊያስተካክለው የሚችል ነገር አገኘ። ነርሷ የሰጠችውን የኪኒን ማዘዣ ኪሱ ውስጥ ከተተና መንገድ ላይ «ኪኒን ለምን? ፀሐይ ከሆነ ፀሐይ አመጣልሻለሁ!» አላት። ኪኒን ማለት መድኃኒት ቤት፣ መድኃኒት ቤት ማለት ደግሞ አማቱ መሆኗ ለዚህ ውሳኔው ትንሽ ሳይረዳው አልቀረም። ልጅቷም ፊቱ እንዲያ ሲፈካ አይታ «እምቢ» የምትልበት አንጀት አጣች።

አከራይዋን ለምኖ ግድግዳውን አፈረሰ። ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ ሲለካ፣ ሲቆርጥ፣ ሲያስተካክል ከረመና ከግድግዳው ግማሹን የሚያህል መስኮት አቆመላት። ብርድ እንዳይነካት ብሎ የማይከፈት፣ ድፍን፣ ወፍራም፣ ንጹሕ መስታወት ገጠመበት። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ክፍሏ በብርሃን ተጥለቀለቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ከመሄዷ በፊት እዚያ ትቀመጣለች፣ እሱም መስታወቱን እየወለወለ «ገባልሽ?» ይላታል። «ገባልኝ» ትለዋለች። ሁለቱም እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ቀጣዩን ቀጠሮ ሚሊ ሥራ ስለነበረው ብቻዋን ሄደች። ነርሷ የደም ውጤቷን ስታይ ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«ኪኒኑን ትወስጃለሽ?»

«አይ... ባለቤቴ ፀሐይ አስገባልኝ።»

«ፀሐይ አስገባልኝ ማለት?»

«መስኮት ሠራልኝ። ጠዋት ጠዋት ሥሩ እቀመጣለሁ።»

«ከፍተሽው?»

«አይከፈትም። ብርድ እንዳይነካኝ ብሎ ነው።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እህቴ፣ መስታወት ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ሙቀቱንም ያሳልፋል። ሰውነትሽ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር ግን ያስቀረዋል። እዚያ ሥር ዓመት ብትቀመጪ ትሞቂያለሽ እንጂ ቫይታሚኑን አታገኚም።»

«መስታወቱ ምርጥ ቢሆንስ? ባለቤቴ ምርጡን ነው የመረጠልኝ።»

«ወፍራም ከሆነማ ባሰ!» ነርሷ ልትስቅ ነበር፣ የልጅቷን ፊት ስታይ ተወችው። «ደጅ ወጥተሽ ፀሐይ መሞቅሽ ጥሩ ነው። ያንቺ ግን ከበፊቱም ወርዷል፤ ኪኒኑ ግድ ነው። ለአንቺም ለልጅሽም አጥንት ነው። በቀን አንድ፣ ከምግብ ጋር። ከታዘዘልሽ በላይ ደግሞ እንዳትወስጂ፣ ሲበዛ ይጎዳል።»

አዲሱን ማዘዣ ይዛ ስትወጣ ልቧ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ነበር። ለልጇ የሚያስፈልገውን ሳታውቅ አጉድላበታለች። ባሏ ደግሞ ያ ሁሉ ድካሙ፣ ያ በየጠዋቱ የሚፈካው ፊቱ ለከንቱ መሆኑን ከማን አፍ ይስማው? መንገድ ላይ አንድ መድኃኒት ቤት አለፈች። ሌላም አለፈች። የት እንደምትሄድ ለራሷ ሳትነግር፣ እግሯ እናቷ በር ላይ አደረሳት።

እናትየዋ ከባንኮኒው ጀርባ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ መድኃኒት ትደረድራለች። ቀና ሳትል እጇን ዘረጋች።

«ማዘዣ።»

ልጅቷ አቀበለቻት። እናትየዋ ወረቀቱን አነበበች፣ ስሙን አነበበች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ዓይኗን አነሣች። መጀመሪያ ሆዷን ነው ያየችው። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሊፈርስ ሲል በግድ ያዘችውና እንደ ማንኛውም ደንበኛ አናገረቻት።

«በቀን አንድ። ከምግብ ጋር። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

«የደም ማነስ ኪኒን።»

«ያዞርሻል?»

«አንዳንዴ።»

«የሚንከባከብሽ ሰው አለ?»

«አለ፣ እማዬ።»

«እማዬ» የሚለውን ቃል ባንኮኒው አልቻለውም። እናትየዋ ዞራ መጥታ ልጇን ከነሆዷ አቀፈቻት። ቀድማ የተናገረችው እናትየዋ ናት፤ የተናገረችውም ቁጣ ነው። እናት ስትፈራ ትቆጣለችና።

«እንዲህ እስኪወርድብሽ ያ ሰውዬ የት ነበር?»

«መስኮት እየሠራልኝ ነበር።»

«ምን?»

«ተዪው እማዬ። ቢነግሩሽ አይገባሽም።»

እናትየዋ ወደ ፎቁ የሚያወጣውን ደረጃ አሳየቻት። «ክፍልሽ እንደነበረ ነው። ማንም አልነካውም። ነይ ውጪ፣ እስክትወልጂ እኔ ላስታምምሽ።»

ልጅቷ ደረጃውን አየችው። እውነቱን ለመናገር ናፍቋት ነበር። «ቤቴ ሌላ ነው እማዬ» አለች።

እናትየዋ ወደ ደረጃው የዘረጋችውን እጇን አወረደች። ከዚያ የኪኒኑን ጠርሙስ በትንሽ ከረጢት አድርጋ በእጇ አስያዘቻት፣ ሌላ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈችና «እሺ። ይሄን ግን በየቀኑ ላትረሺ ማይልኝ» አለች። ልጅቷ እያለቀሰች ራሷን ነቀነቀች፣ ደጋግማ ነቀነቀች።

እንግዲህ የእድል ነገር ሆኖ፣ በዚያን ሰዓት ከመንገዱ ማዶ ሚሊ መሰላል ላይ ቆሞ የአንድ ሱቅ መስታወት እየገጠመ ነበር። መስታወት ገጣሚ ሁሉን ያያል፣ ምንም አይሰማም። በመድኃኒት ቤቱ መስታወት አሻግሮ ሚስቱን እሱ የማይረግጠው ቤት ውስጥ ቆማ አየ። እቅፉን አየ። ወደ ደረጃው የተዘረጋውን እጅ አየ። ከረጢቱን አየ። ከዚያ ሚስቱ እያለቀሰች «እሺ» ብላ ራሷን ስትነቀንቅ አየ። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል፤ የሚሊ ልብ ደግሞ ካገባት ቀን ጀምሮ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህች ልጅ አንድ ቀን ይቆጫትና ወደ ፎቋ ትመለሳለች የሚለውን ፍርሃቱን። ያን ቀን የቆረጠው መስታወት በስንዝር አጠረ። ባልደረቦቹ ከት ብለው ሳቁበት፣ እሱ ግን ሳቅ አልመጣለትም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ዝምታ ለጠላትም አልመኝ። እሷ ኪኒኑን ቢሮ ምሳዋን ስትበላ ትውጣለች፣ ጠርሙሱን ቦርሳዋ ሥር ትደብቃለች። ብትነግረው በአንድ አፍ ሁለት ቁስል ነው፤ መስኮቱም ከንቱ ነው፣ መርፌ አይገባም ካለው ቤትም ኪኒን ገብቷል። እሱ ደግሞ የሚያውቀውን አውቆ፣ እስክትነግረው ይጠብቃል። ጠዋት ጠዋት መስታወቱን ይወለውላል።

«ገባልሽ?»

«ገባልኝ።»

ያቺ ቃል ከመቼ ወዲህ እንዲህ እንደከበደች ሁለቱም አልገባቸውም። እሱ ትህትና ያበዛል፣ «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም» ይላታል እንደ እንግዳ። እሷ «ምን አደረግኩት?» እያለች ትብሰለሰላለች። አከራይዋ እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ በርጩማዋ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው፣ ሁኔታቸው አላምር ቢላት አንድ ቀን በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«ግድግዳዬን አፈረሳችሁ፣ ዝም አልኩ። አቧራ አስጠጣችሁኝ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ እናንተ ምን ጎድሎባችሁ ነው ዝም የምትባባሉት? ዝምታው የኔ ነበር እኮ!»

ሁለቱም በግድ ፈገግ አሉላት። እሷ ስትሄድ ፈገግታው አብሯት ሄደ።

ነገሩ የፈነዳው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ «ያን ነጠላ ጫማዬን አቀብለኝ» አለችው፤ ጎንበስ ሲል አልጋው ጫፍ ላይ የነበረው ቦርሳዋ በክንዱ ተነካና ወደቀ። ጠርሙሱ ተንከባሎ እግሩ ሥር መጥቶ ቆመ። አነሣው። የአማቱ መድኃኒት ቤት ማኅተም አለበት። ሲናገር ድምፁ እንደማያውቁት ሰው ድምፅ ነበር።

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«የት?»

«ወደ ፎቁ። አይቼሻለሁ፣ ሹሜ። ደረጃውን ስታሳይሽ አይቻለሁ። እሺ ስትያት አይቻለሁ። መደበቁ ለምን አስፈለገ? ብትነግሪኝ ሻንጣሽን ራሴ እሸከምልሽ ነበር።»

የሞተች ያህል ደነገጠች፣ ወዲያው ደግሞ ቁጣዋ መጣ። «ምን ስንባባል ሰማህ?»

«መሃላችን መስታወት ነው፣ ምን እሰማለሁ!»

«ታዲያ ያልሰማኸውን ነገር ለምን ፈረድክብኝ? ቀን ከሌት ፊቴን ስታይ ከርመህ አፌን መጠየቅ አቃተህ?»

«ጠየቅኩሽ እኮ! ምን ያስፈልግሻል አልኩሽ!»

«እንግዳ ነው እንዲያ የሚጠየቀው! ሚስትህን እንዲያ አትጠይቃትም!»

ጠርሙሱን ወደ ላይ አነሣው። «ይሄስ? መርፌ እንኳ አይገባም ብዬ ነበር!»

«መርፌ አይደለም፣ ቫይታሚን ነው! ያቺ ነርስ ያዘዘችው፣ አንተ ማዘዣውን ኪስህ የከተትከው!»

«ፀሐይ አመጣሁልሽ አይደል? ይሄው፣ ቤቱን ሞልቶት! ይሄ ሁሉ ፀሐይ እየገባልሽ...»

«አይገባም!»

ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት። ልትመልሰው እጇን ወደ አፏ አነሣች፣ አልተመለሰም።

«ምኑ ነው የማይገባው?»

«ሚሊዬ...» አለች፣ ቁጣዋ ሁሉ ውሃ ሆነ። «የሚያስፈልገኝ ነገር በመስታወት አያልፍም። ብርሃኑ ያልፋል፣ ሙቀቱ ያልፋል፣ እሱ ግን ውጪ ይቀራል። ነርሷ ነገረችኝ። ደሜ ሲለካ ከበፊቱም ወርዶ ነበር።»

ሚሊ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሰፊ መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳረፈው። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነበረች።

«ይሞቃል እኮ» አለ እንደ ልጅ።

«አዎ፣ ይሞቃል። ለዚያ ነው መንገር ያቃተኝ።»

«ገባልሽ ስልሽ ገባልኝ ትዪኝ ነበር።»

«ደስ ሲልህ ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው። ሌላ ምን ልበልህ? ደስ ስለሚለኝ ነው!»

ሚሊ መዳፉን ከመስታወቱ ላይ አነሣ፣ ጠርሙሱን በእጁ እንደጨበጠ በሩን አልፎ ወጣ። «ሚሊ!» ብላ ተጣራች። ዞር አላለም። የግቢው በር ሲዘጋ ስትሰማ፣ እናቷን ለባሏ ብላ እንዳጣቻት ሁሉ፣ አሁን ባሏንም በአንድ ጠርሙስ ኪኒን ያጣችው መሰላት፤ ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ ልጇን ይቅርታ ጠየቀችው።

ሚሊ በሥራ ልብሱ፣ ፀጉሩ ሳይበጠር፣ በዕድሜው ደግሜ አልረግጠውም ያለው መድኃኒት ቤት ገባ። እናትየዋ ስታየው ፊቷ ደም አጣ። ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጥ ደግሞ ደሟ ተመልሶ ወደ ራሷ ወጣ።

«መልሰህ አመጣኸው? ለገዛ ልጅህ የሚሆነውን? ኩራትህ እዚህ ድረስ ነው?»

«ልመልስ አይደለም። ልጠይቅ ነው የመጣሁት።» ወደ ባንኮኒው ጠጋ አለ። «መስታወት ያን ጨረር አያሳልፍም የሚሉት እውነት ነው?»

ያልጠበቀችው ጥያቄ ነበር። «እውነት ነው። አያሳልፍም።»

«ባለ ስድስት ሚሊውም?»

«ባለ ስድስት ሚሊውም።»

«ባለ ሦስቱስ? ቀጭን ነው እኮ፣ በጣም ቀጭን...»

«ባለ ሦስቱም፣ ልጄ።»

«ልጄ» ያለችው አምልጧት ነው። ሁለቱም ሰሙት፣ ሁለቱም እንዳልሰማ ሆኑ። ሚሊ ለሕመምተኛ የተቀመጠው ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

«እኔ ነኝ የከለከልኳት» አለ። «ማዘዣውን ኪሴ የከተትኩት እኔ ነኝ። ነርሷ ተናግራ ሳትጨርስ የተነሣሁት እኔ ነኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉት የለ? እሷ እያመማት የገዛ መስታወቴን ስወለውል ከረምኩ። ልጄን ጎድቼው ይሆን? እውነቱን ይንገሩኝ፣ አልቆጣም።»

እናትየዋ ይህን ሰው ያን ቀን ከእግሩ እስከ ራሱ አይታው ነበር፤ አሁን ገና አየችው። «ስማኝ። አሁን እየወሰደች ነው። ክትትሏን አታቋርጥ፣ ደሟ ደግሞ ይለካል፣ ሐኪሞቹም ያዩዋታል። ካሁኑ መታወቁ ትልቅ ነገር ነው። ተስፋ አለኝ፣ አንተም ተስፋ ይኑርህ።»

«በቀን ሁለት ሁለት ብትወስድ አይፈጥንም?»

«እንዳታደርገው!» ባንኮኒውን በመዳፏ መታች። «የታዘዘው የታዘዘ ነው፣ ሲበዛ ይጎዳል። መስታወትህ በአንድ ሚሊ ሲበልጥ ፍሬሙ ውስጥ ይገባልሃል?»

«አይገባም። ይሰበራል።»

«ይሄም እንደዚያው ነው።»

ሚሊ ሳያስበው ፈገግ አለ። እንዲህ የሚናገር ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል። እናትየዋ መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጠርዝ ጠራረገችው፣ መልሳ ሳታደርገው ተናገረች።

«ያን ቀን ወደ ላይ ውጪ ብያት ነበር። ከአንተ ልወስዳት። ልደብቅህ አልችልም፣ ደረጃውን አሳየኋት።»

«አይቻለሁ።»

«ያለችኝንስ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም። ማዶ ነበርኩ። ምን አለች?»

«ቤቴ ሌላ ነው አለችኝ። ፊት ለፊቴ።»

ሚሊ ከወንበሩ ተነሣ። «ምን አለች?»

«ቤቴ ሌላ ነው።»

«እባክዎ ይድገሙልኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ደነቆርክ እንዴ? ቤቴ ሌላ ነው አለች! ለእኔ ለእናቷ! አንጀቴን ቆርጣው ሄደች!» ብላ ጮኸች፣ ስትጮህም ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት። «እሺ እያለች ራሷን የነቀነቀችው ኪኒኑን በየቀኑ እንድትውጥ ስላስማልኳት ነው። ሌላ አንድም እሺ አላገኘሁም።»

ሚሊ የሚያደርገው ጠፋው። እጁን ራሱ ላይ ጫነ፣ አወረደው፣ ወደ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ። ደስታ እግሩ ውስጥ ገብቶ መቆም ከለከለው። በመጨረሻ ባንኮኒው ፊት መጥቶ ቀጥ አለ።

«ያን ቀን ስለ መርፌ የተናገርኩት...»

«እኔስ ስለ መሰላል የተናገርኩት? ተወው። በዚህ ምላሴ ምክንያት ልጄ አርግዛ እንደ ባዕድ ማዘዣ ይዛ መጣችብኝ። ከዚህ በላይ ምን እቀጣለሁ?»

«እንግዲያው ይነሡ» አለ ሚሊ። «ይነሡ እንሂድ። ብቻዬን ብመለስ አታምነኝም።»

ያቺ ሴት ባሏ ከተቀበረበት ቀን በቀር ቅዳሜ መድኃኒት ቤቷን ዘግታ አታውቅም። ቁልፉን ስታዞር እጇ ተደነባበረባት።

ግቢው ውስጥ አከራይዋ እትዬ ልጅቷን ከክፍሏ ጎትታ አውጥታት ነበር። «ተነሺ ከዚያ የመስታወት እስር ቤት! ማልቀስሽ ካልቀረ ፀሐይ እየሞቅሽ አልቅሺ!» ብላ በርጩማዋን ለቀቀችላት። ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀምጣለች። ፀሐይዋ ክንዷ ላይ አረፈች፤ እሷ ግን ዓይኗን ከግቢው በር አልነቀለችም።

በሩ ተበርግዶ ሚሊ ገባ። እየሮጠ ነው። ጠርሙሱ በእጁ ነው፣ ፊቱ በላብ ርሷል። ከኋላው ደግሞ በባለ ተረከዝ ጫማ የምትሮጥ፣ «ቀስ በል፣ አንተ ሰውዬ፣ እኔ እንደ አንተ መሰላል አልወጣም!» የምትል ሴት አለች። ልጅቷ ዓይኗን ማመን አቃታት። ተነሣች። ሆዷ ከብዷት ተመልሳ ተቀመጠች።

ሚሊ ፊቷ ተንበረከከ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ሰማሁት» አላት። «ቤቴ ሌላ ነው ያልሽውን ሰማሁት። ሦስቴ አስደገምኳቸው።»

«ሚሊዬ...»

«ቆይ፣ አታውሪ። ቁርስ በልተሻል? ከምግብ ጋር ነው። በቀን አንድ ነው፣ ከአንድ አይበልጥም፣ ሲበዛ ይጎዳል።» አስቀድማ የምታውቀውን ነገር አዲስ ዜና አድርጎ ነገራት። ሮጦ ገብቶ ዳቦና ውሃ ይዞ ተመለሰ፣ ከዳቦው ቆርሶ አጎረሳት፣ አንዲቷን ኪኒን መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋላት። «ከዛሬ ጀምሮ ተደብቀሽ አትውጪም። እኔ ነኝ የምሰጥሽ።»

ኪኒኗን ወሰደች። ልትውጣት ስትል ግን ከባሏ ትከሻ በላይ እናቷን አየች። እናቷ ግቢው መሃል ስትደርስ ቆማለች። ወደ ክፍሉ በር ታያለች፣ መሬቱን ታያለች፣ ቦርሳዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ታዛውራለች። አንድም ቀን ረግጣው የማታውቀው ቤት ነው፤ አንዴ የተነገረ ቃል ደፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

ሚሊም ዞር ብሎ አያት። ተነሣና ጉልበቱን አራገፈ፣ ሄዶ ቦርሳዋን ከእጇ ተቀበላት።

«ይግቡ እንጂ፣ እናቴ» አላት። «ቤትዎ ነው።»

ልጅቷ ኪኒኗን ዋጠች። ከዚያ አለቀሰች። ቢሮ ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ድምፅዋን እየዋጠች ስታለቅስ የከረመችው ልጅ፣ አፏ ውስጥ ዳቦ እንዳለ፣ እየሳቀች፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃትም።